ጥቅሱ አንድ፣ ትርጓሜው ብዙ፦ ክርስቲያኖች የሚለያዩት የት ላይ ነው?

«በመጽሐፍ ያለውን ትንቢት ሁሉ ማንም ለገዛ ራሱ ሊተረጉም አልተፈቀደም» ይላል 2ኛ ጴጥሮስ 1፥20፣ ብዙ ሰው በሚያውቀው የቆየ የአማርኛ ትርጉም። ስለ መተርጎም የሚናገረው ይህ ቁጥር ራሱ በትርጓሜው ያከራክራል። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ «ስለዚህ እያንዳንዱ በግሉ የመሰለውን ይፍታ ማለት አይሠራም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያስፈልጋል» ይላሉ። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል፦ «ትንቢት ከቶ በሰው ፈቃድ አልመጣምና»። በእሱ አነጋገር የሚወራው ስለ ነቢዩ ነው። ነቢዩ ከልቡ አንቅቶ አልተናገረም ማለት እንጂ አንባቢው ብቻውን አያንብብ ማለት አይደለም። የግሪኩ ዐረፍተ ነገር አጭርና ድፍን ነው፤ «ከገዛ ራስ ፍቺ አይሆንም» እንደ ማለት ነው፣ የማን ፍቺ እንደሆነ ግን አይገልጽም። «ሊተረጉም አልተፈቀደም» ብሎ የጻፈው የአማርኛ ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ጨርሷል።

ሁለት ሰዎች ጥቅስ እየጠቀሱ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱም ቃሉን በቃላቸው ያውቁታል፣ ሁለቱም ደጋግመው ያነቡታል፣ ግን አይገናኙም። የተለያዩት ጥቅሱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ስለሆነ ነው። የትኛውን መጽሐፍና የትኛውን ቅጂ ይዘዋል? አንድ ቃል ስንት ዓይነት ትርጉም ሊይዝ ይችላል ይላሉ? የትኛው ጥቅስ የትኛውን ይመራል? የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ያን ጊዜ የተባለው ወደ ዛሬ የሚሻገረው በምን በኩል ነው? ክርክሩ ከነዚህ መታጠፊያዎች በአንዱ ላይ ተጀምሮ ጥቅሱ ላይ ይፈነዳል።

በእጅ ያለው መጽሐፍ

የፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ቅዱስ 66፣ የካቶሊኩ 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶው 81 መጻሕፍት አሉት። በ2ኛ መቃብያን (በግሪኩና በላቲኑ ቁጥር) ምዕራፍ 12 ላይ ይሁዳ መቃቢ በጦርነት ለሞቱት ሰዎች ኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። ካቶሊኩ ለሙታን መጸለይ ተገቢ ስለመሆኑ ከሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች ዋናው ይህ ነው፤ የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤም በ1546 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በምዕራባውያኑ አቆጣጠር ናቸው) መጽሐፉን በቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አጽንቶታል። ፕሮቴስታንቱ መጽሐፉን ታሪክ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ የእምነት ማስረጃ ግን አይሆነውም። ስለዚህ ጥቅሱን ሺህ ጊዜ ማንበብ ውሃ አያነሳም፤ መጀመሪያ መነጋገር ያለባቸው ስለ ቀኖና ነው። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ሄኖክን ሲጠቅስም እንዲሁ ነው። ለተዋሕዶው አንባቢ ቅዱስ መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍን ጠቀሰ። ለሌላው ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለ ቅኔዎችን እንደ ጠቀሰ ያለ ነገር ነው።

የመጻሕፍቱ ቁጥር አንድ ቢሆን እንኳ ቅጂው ይለያያል። ኢሳይያስ 7፥14 በዕብራይስጡ «አልማ» ይላል፣ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ፓርቴኖስ» አለው፣ ድንግል። ማቴዎስ 1፥23 የጠቀሰው ግሪኩን ነው። ብሉይ ኪዳንን ከሰብዓ ሊቃናት የሚያነቡ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ ችግር የለባቸውም። ከዕብራይስጥ የሚተረጉሙት ግን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። በ1952 የወጣ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም «ወጣት ሴት» ብሎ በመጻፉ ገጹን በአደባባይ ያቃጠለ አሜሪካዊ ሰባኪ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ መዘዝ ያመጣው ሮሜ 5፥12 ነው። ግሪኩ «ኤፍ ሆ» የምትል ትንሽ ሐረግ አለችው። ዛሬ አብዛኞቹ ተርጓሚዎች «ስለ» ይሏታል፣ አማርኛውም «ሁሉ ኃጢአትን ስላደረጉ ሞት ለሰው ሁሉ ደረሰ» ይላል። የላቲኑ ትርጉም ግን «በእርሱ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል መንገድ አስቀመጣት። አውግስጢኖስ ያነበበው እንዲህ ነበር፦ ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆነው በደሉ። በምዕራቡ ዓለም ሕፃን የአዳምን በደል ይዞ ይወለዳል የሚለው ትምህርት በዚህች ሐረግ ብቻ ባይቆምም ትልቅ ድጋፍ አግኝቶባታል። በግሪክኛ ያነበቡት አባቶች አብዝተው የተናገሩት ስለ ሞትና ስለ መበስበስ መውረስ ነው። ካቶሊኩና ካልቪናዊው (የተሐድሶው መምህር የካልቪን ተከታይ የሆነው ፕሮቴስታንት) ከምሥራቁ ክርስቲያን ጋር ስለ ጥንተ አብሶ ሲነጋገሩ የማይግባቡት በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለቱ ዲናር ምንድን ናቸው?

ሉቃስ 10 ላይ ያለውን የሳምራዊውን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ ከአንድ ሽማግሌ ያገኘውን ትርጓሜ እንዲህ አስተላልፏል። ከኢየሩሳሌም የወረደው ሰው አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ ክፉዎቹ ኃይላት፣ ካህኑ ሕግ፣ ሌዋዊው ነቢያት፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ቁስለኛውን የተሸከመው እንስሳ የጌታ ሥጋ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው። «ስመለስ እከፍልሃለሁ» ማለቱ ዳግም ምጽአቱ ነው። ሁለቱ ዲናርስ? አብንና ወልድን ማወቅ። አውግስጢኖስ ጋ ሲደረስ ግን ሁለቱ ዲናር እግዚአብሔርንና ባልንጀራን የመውደድ ሁለቱ ትእዛዛት ይሆናሉ፣ የማደሪያው ጠባቂም ሐዋርያው ጳውሎስ ይሆናል።

የዚህ አካሄድ ብርታትም ድካምም ዲናሮቹ ላይ ይታያል። ብርታቱ፣ ምሳሌው የድኅነትን ታሪክ በሙሉ ይሸከማል፤ ሰሚው «እንደ ሳምራዊው ሁን» ከመባሉ በፊት «ቁስለኛው አንተ ነህ» ይባላል። ድካሙ፣ ከአርጌንስና ከአውግስጢኖስ የማን ዲናር ትክክል እንደሆነ ምሳሌው ውስጥ የሚዳኝ ነገር የለም። የአንጾኪያ መምህራን፣ የጠርሴሱ ዲዮዶሮስና የሞፕሱስትያው ቴዎድሮስ፣ በእስክንድርያው ስልት ላይ የተነሡት በዚህ ነው፤ ታሪኩን የሚያጠፋ ትርጓሜ አንቀበልም አሉ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ዮሐንስ አፈወርቅም በምሳሌ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ቃል በቃል መመርመር አይገባም ብሏል።

በመካከለኛው ዘመን ምዕራብ ይህ በአራት መደብ ተደለደለ። ቀደም ብሎ በ5ኛው መቶ ዓመት ዮሐንስ ካስያኖስ ኢየሩሳሌምን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳዋል፦ በታሪክ የአይሁድ ከተማ፣ በምሥጢር ቤተ ክርስቲያን፣ በምግባር የሰው ነፍስ፣ በተስፋ ሰማያዊት አገር። ልጓምም ነበረው። አውግስጢኖስ በጨለማው ጥቅስ ውስጥ የተሰወረው ነገር ሌላ ቦታ ላይ በግልጽ ተነግሮ ይገኛል ማለት ይቻላል ብሎ ነበር። ቶማስ አኩዊናስም ለትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ማስረጃ የሚወሰደው ከቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። ካቶሊኮች እንዳሻቸው ይመሥጥራሉ የሚል ወቀሳ ይህን ደንብ የዘነጋ ነው።

ካልቪን ግን ምሥጢራዊውን ንባብ ከነሥሩ ነቀለው፤ ምክንያቱም የሚያስተምር ነው። ወንበዴዎቹ ሰውየውን «በሕይወትና በሞት መካከል» ትተውት ሄዱ ይላል ምሳሌው። ቁስለኛው አዳም ከሆነ፣ አዳም ግማሽ እንጂ ፈጽሞ አልሞተም፤ ስለዚህ ሰው ከውድቀት በኋላም መልካም የማድረግ ኃይል ቀርቶለታል የሚል ክርክር ከዚህ ይመዘዝ ነበር። ካልቪን ይህ መልስ እንኳ የማይገባው ከንቱ ነገር ነው አለ። ምሳሌው የተነገረው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ከዚያ አያልፍም አለ። ዛሬ በብዙ የወንጌላውያን ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመጀመሪያ ደንብ ይኸው ነው፦ ማን ለማን በምን ምክንያት ተናገረው?

የኢትዮጵያው አንድምታ ከሁለቱም ለየት ይላል። የግእዙ ንባብ ይቀድማል፣ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ ይከተላል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላውን ይጨምራል፤ በየመካከሉ ታሪክና ሐተታ ይገባል። አንድ ጥቅስ አንድ ትክክለኛ ትርጉም ብቻ አለው ብሎ ያደገ አንባቢ ይህን ሲያይ ተርጓሚው መወሰን ያቃተው ይመስለዋል። ስህተት ነው። «አንድም» ከቀደመው ጋር ይደራረባል እንጂ የቀደመውን አይሽርም። አጥሩ ደግሞ የሃይማኖት ትምህርቱ ነው፣ ከዚያ ውጭ የሚወጣ «አንድም» አይጨመርም። «አንድም» የሚለው ስሙ ወደ እስክንድርያው ስልት ቢያስጠጋውም፣ አንድምታው ከአንጾኪያ ትርጓሜ ጋር ቅርብ ዝምድና እንዳለው ያጠኑት ምሁራን አሳይተዋል።

ጳውሎስ ያዕቆብን ይመራል ወይስ ያዕቆብ ጳውሎስን?

«ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቆጥራለንና» (ሮሜ 3፥28)። «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» (ያዕቆብ 2፥24)። ነገሩን የሚያከርረው ሁለቱም ማስረጃቸውን ከአንድ ሰው፣ ከአብርሃም፣ እንዲያውም ከአንድ ቁጥር፣ ከዘፍጥረት 15፥6፣ መውሰዳቸው ነው። ሉተር በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ በሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚል ቃል ጨመረ። በግሪኩ የለም። ጀርመንኛው ይፈልገዋል፣ ሐሳቡም ይኸው ነው ብሎ ተከራከረ። «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ የሚገኘው ያዕቆብ 2፥24 ላይ ነው፤ ያውም በ«ሳይሆን» ታጅቦ።

ይህን ክርክር በጥቅስ ብዛት ለመጨረስ የሚሞክር አይሳካለትም። ሦስት ቃላትን መፍታት ያሻል። «እምነት» ለያዕቆብ አጋንንትም ያላቸው ዓይነት ነው (2፥19)፤ ለጳውሎስ ግን መታመን ነው። «ሥራ» ለጳውሎስ «የሕግ ሥራ» ነው። ይህ ማናቸውም የሰው ጥረት ነው የሚሉ አሉ። ግዝረትን፣ የመብል ሕግንና ሰንበትን የመሰሉ የአይሁድ መለያዎች ናቸው የሚሉም አሉ፣ ይህኛው አነባበብ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በፕሮቴስታንት ምሁራን ዘንድ ሳይቀር በርትቷል። ሦስተኛው «መጽደቅ» ነው። የግሪኩ ግስ የችሎት ሽታ አለው፣ ጻድቅ ነህ ብሎ መፍረድ። የላቲኑ ቃል ሲበተን ግን «ጻድቅ ማድረግ» ይሆናል። ሉተራኑና ካልቪናዊው በችሎቱ ቆሙ፣ የላቲኑ ምዕራብ በማድረጉ።

ከዚህ በኋላ አሰላለፉ ይገባል። ሉተራኑ በጳውሎስ መነጽር ያዕቆብን ያነባል፤ ሥራ የእምነት ፍሬ ነው። ካልቪን ያዕቆብ የሚናገረው ጽድቅ በሰው ፊት ስለ መገለጡ ነው አለ። የትሬንት ጉባኤ በ1547 ሁለቱን በጊዜ ለያያቸው፦ ጅማሬው ከሰው ሥራ ያልሆነ ጸጋ ነው፣ ያዕቆብ 2፥24 ደግሞ የተጠቀሰው አንዴ የተገኘው ጽድቅ ስለ ማደጉ በሚናገረው ምዕራፍ ነው። ካቶሊኮች በሥራችን ድነትን እንገዛለን ይላሉ የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ አላየውም። ኦርቶዶክሱ ችሎቱን ዋና ሥዕል አያደርገውም። ድኅነት ፈውስ ነው፣ «ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች» መሆን ነው (2ኛ ጴጥ 1፥4)፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ እምነትንና ሥራን መነጣጠል በሽተኛው የዳነው በሐኪሙ ነው ወይስ መድኃኒቱን በመዋጡ እንደ ማለት ይሆናል። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 31 ቀን 1999 (በምዕራባውያኑ አቆጣጠር) በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ የፈረሙት ቃላቱን አንድ በአንድ ፈትተው፣ የቀረው ልዩነት የማያወጋግዝ መሆኑን ከተስማሙ በኋላ ነው።

«ግልጹ ጥቅስ ድፍኑን ይተርጉመው» የሚለው ደንብ በሁሉም ወገን ይጠቀሳል። ደንቡ መልካም ነው፣ ችግሩ ግልጽ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የራስ ጥቅስ መሆኑ ነው። የዳነ ሰው ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል ወይ ሲባል፣ ካልቪናዊው ዮሐንስ 10፥28ን («ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም») ይዞ ዕብራውያን 6፥4–6ን በእሱ ይፈታል። አርሚንያዊው (በዚህ ካልቪናዊውን የሚቃወመው የአርሚንዮስ ተከታይ) ዕብራውያንን ይዞ ዮሐንስን ይፈታል። ሁለቱም ያንኑ ደንብ አክብረዋል።

«ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

በጥቅምት 1529 ሉተርና የስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ በጀርመን በማርቡርግ ተገናኙ። ሉተር ከክርክሩ በፊት ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ «ይህ ሥጋዬ ነው» ብሎ በላቲን ጻፈና ከዚያ አልነቃነቅም አለ። ዝዊንግሊ «ነው» እዚህ ቦታ «ያመለክታል» ማለት ነው ሲል ምሳሌ አልቸገረውም፦ «ያም ዓለት ክርስቶስ ነበረ»፣ «እኔ የወይን ግንድ ነኝ»፣ «ዘሩ የእግዚአብሔር ቃል ነው»። ዋና ጥቅሱም ዮሐንስ 6፥63 ነበር፦ «ሥጋ ምንም አይጠቅምም»። በ15 አንቀጾች ተነጋግረው በ14ቱ ተስማሙ፤ በ15ኛውም ሥጋና ደሙ በእንጀራውና በወይኑ በአካል አለ ወይ በሚለው ላይ ብቻ ቀሩ፤ በዚያው ተለያዩ።

ስለ ሰዋስው የሚከራከሩ ቢመስሉም ከኋላው ሌላ ጥያቄ ነበር። ዝዊንግሊ የክርስቶስ ሥጋ በአብ ቀኝ ነው፣ እውነተኛ ሥጋ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ አይገኝም አለ። ሉተር የእግዚአብሔር ቀኝ የሌለበት ስፍራ የለም አለ። ማለትም ልዩነቱ በነገረ ክርስቶስ ላይ ነበር። ሰዋስው ብቻውን ሊፈርድ እንደማይችል ለማየት ይህን ማሰብ ይበቃል፦ ጌታ በአራማይክ ተናግሮ ከሆነ፣ በዚያ ቋንቋ እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር «ነው» የግድ አይባልም።

ካልቪን በመካከል ቆመ። ሥጋው በሰማይ ነው፣ አማኙ ግን በመንፈስ ቅዱስ ኃይል በእውነት ይካፈለዋል። የትሬንት ጉባኤ በ1551 የኅብስቱ ባሕርይ ተለውጦ መልኩና ጣዕሙ ይቀራል የሚለውን አጸና። ኦርቶዶክሳውያን መለወጡን ያምናሉ፤ የአለዋወጡን መንገድ ግን ምሥጢር ብለው ይተዉታል። ከዚህ የተነሣ የምሥራቁን ክርስቲያን «እንዴት ይለወጣል?» ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው እሱ ያላነሣውን ጥያቄ እያስመለሰው ነው።

ታሪክ ሲነበብ ትእዛዝ የሚሆነው መቼ ነው?

በዚያችው በመጨረሻዋ ሌሊት ጌታ ሁለት ነገር አደረገ፣ ሁለቱንም አድርጉ አለ። ኅብስቱን «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» (ሉቃስ 22፥19)። ስለ እግር መታጠብ «እናንተ ደግሞ እርስ በርሳችሁ እግራችሁን ትተጣጠቡ ዘንድ ይገባችኋል» (ዮሐንስ 13፥14)። አነጋገሩ ይመሳሰላል፤ አንዱ ግን በሁሉም ዘንድ ለማለት በሚቻል ደረጃ ዋና ሥርዓት ሆነ፣ ሌላው አልሆነም። አድቬንቲስቶችና አንዳንድ ከአናባፕቲስት ወገን የሆኑ ማኅበራት ከጌታ እራት ጋር እግር ይተጣጠባሉ። ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ በጸሎተ ሐሙስ ይፈጽሙታል፣ ከሰባቱ ምሥጢራት ግን አይቆጥሩትም። አብዛኛው ፕሮቴስታንት የትሕትና ምሳሌ ነው ብሎ ያልፈዋል። «ቃሉ የሚለውን ብቻ እናደርጋለን» የሚል ወገን እዚህ ላይ ምክንያቱን ቢጠየቅ ከቃሉ ሌላ የሆነ መመዘኛ ማውጣቱ አይቀርም፦ የቀደሙት ያደረጉትን፣ የሐዋርያትን መልእክቶች ዝምታ፣ ወይም የዘመኑን ባህል።

የሐዋርያት ሥራ 15፥29 ደግሞ ከአራት ነገር ራቁ ይላል፦ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት። የመጨረሻው ለሁሉም ዘመን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። ደሙና የታነቀውስ? የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ክልከላውን ጠበቁት። በምዕራብ አውግስጢኖስ በዘመኑ አንገቷን ተመትታ የሞተች ጥንቸል አልነካም የሚል ክርስቲያን መሳቂያ እንደሚሆን ጽፏል፤ ክልከላው አይሁድና አሕዛብ ሲቀላቀሉ ለነበረው ጊዜ ነው አለ። የፍሎረንስ ጉባኤም በ1442 ምክንያቱ ስለ ቀረ ክልከላው ቀርቷል አለ። አራቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፈው ሳለ አንዱን ዘላለማዊ፣ ሁለቱን ጊዜያዊ የሚያደርግ መስመር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ምዕራባዊው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 8–10 ያመጣዋል።

ለብሉይ ኪዳን ሕግ ይህን መስመር አስቀድመው ያሰመሩት አሉ። የ1646ቱ የካልቪናውያን የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ሕጉን በሦስት ከፈለው፦ የምግባር፣ የሥርዓተ አምልኮና የፍርድ። የምግባሩ ይጸናል፣ የአምልኮው በክርስቶስ ተፈጸመ፣ የፍርዱ ከእስራኤል መንግሥት ጋር አለፈ። ይህ ለማስተማር ይመቻል፣ ግን ኦሪት ራሱ ሕጎቹን እንዲህ ለይቶ አላስቀመጠም፤ ዘሌዋውያን 19 ላይ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ካለ በኋላ ወዲያው ሁለት ዓይነት ነገር የተቀላቀለበት ልብስ አትልበስ ይላል። ሰንበት ላይ ክፍፍሉ ይፈተናል። ዌስትሚንስተር ቀኑን ወደ እሑድ አዛወረው፤ አድቬንቲስቱ ከዐሥርቱ ትእዛዛት የሆነ ቀን አይዛወርም ይላል፤ የሉተራኖች የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ሰንበት ተሽሯል፣ እሑድ ለሥርዓት ሲባል ነው ይላል፤ ተዋሕዶ ቅዳሜንም እሑድንም ታከብራለች።

የታሪክ ክፍሎች ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራሉ። ጴንጤቆስጤው በሐዋርያት ሥራ 2፣ 10 እና 19 መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ በልሳን መናገራቸውን አይቶ ይህ አርአያ ነው ይላል። ምዕራፍ 8 ላይ ልሳን አልተጠቀሰም ሲባል፣ ጠንቋዩ ሲሞን ገንዘብ ያቀረበው የሚታይ ነገር ቢያይ ነው ብሎ ይመልሳል። ተቃዋሚው 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥30ን ይጠቅሳል፦ «ሁሉስ በልሳኖች ይናገራሉን?» ጴንጤቆስጤው የመጀመሪያውን ምልክት በጉባኤ ከሚሰጠው ስጦታ ይለያል። ስጦታዎቹ ከሐዋርያት ጋር አብቅተዋል የሚለው ወገን በበኩሉ 1ኛ ቆሮንቶስ 13፥10ን ያመጣል፤ «ፍጹም የሆነ» የተባለው ከነሱ አንዳንዶቹ እንደሚሉት የአዲስ ኪዳን መጠናቀቅ ነው። ይህ ደካማ ክርክር ነው፤ ቁጥር 12 «ያን ጊዜ ግን ፊት ለፊት» ስለሚል ካልቪንን ጨምሮ ብዙ አንባቢዎች ስለሚመጣው ዓለም አድርገው አንብበውታል። ለዚህ ወገን የሚሻለው መሠረት ኤፌሶን 2፥20 ነው፦ ሐዋርያትና ነቢያት መሠረት ከሆኑ መሠረት ሁለት ጊዜ አይጣልም።

መጽሐፉ ዝም ያለበትም ቦታ አለ። ካልቪናዊው በአምልኮ ያልታዘዘው የተከለከለ ነው ይላል፤ ሉተራኑና አንግሊካኑ ያልተከለከለው የተፈቀደ ነው ይላሉ። የሙዚቃ መሣሪያና የበዓላት ጠብ ከዚህ ይመነጫል። ወደ ሕፃናት ጥምቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ከነቤተ ሰዎቹ ተጠመቀ (የሐዋ 16፥33)፣ ሕፃን ይኑር አይኑር አልተጻፈም። ከካልቪናውያን ወገን የሆነው ፕሬስቢቴሪያን ከአብርሃም ኪዳን ይነሣል፤ ልጆች በኪዳኑ ከነበሩ የወጡበትን አሳየኝ ይላል። ባፕቲስቱ ከአዲስ ኪዳን ይነሣል፤ የገቡበትን አሳየኝ ይላል። ባፕቲስቱ አክሎም፣ ያልታዘዘ የተከለከለ ነው ያልኸው አንተ አልነበርህም ወይ ሲል ጥያቄው አግባብ አለው።

አንድ ጥቅስ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ማቴዎስ 16፥18፦ «አንተ ጴጥሮስ ነህ፥ በዚችም ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ»። በአማርኛ ጴጥሮስና ዓለት ስለማይመሳሰሉ የቃሉ ጨዋታ ይጠፋል። በግሪኩ ፔትሮስና ፔትራ ናቸው። የቀደሙ ፕሮቴስታንቶች አንዱ ጠጠር ሌላው ቋጥኝ ነው ብለው በልዩነቱ ተከራከሩ። በአራማይክ ግን ሁለቱም ኬፋ ናቸው፣ ዮሐንስ 1፥42ም ስሙን ኬፋ ይለዋል፤ ስለዚህ ክርክሩ ሳሳ፣ ዛሬ ብዙ የፕሮቴስታንት ምሁራን ዓለቱ ጴጥሮስ ራሱ ነው ይላሉ። ይህን አምነው ግን ካቶሊክ አልሆኑም፤ «ለእሱ የተባለው ለተተኪዎቹም ይሻገራል?» የሚለው ሌላ መታጠፊያ ነውና።

የሚመራው ጥቅስም ይለያያል። ካቶሊኩ መክፈቻውን ከኢሳይያስ 22፥22 የዳዊት ቤት መክፈቻ ጋር አገናኝቶ ሹመት ነው ይላል፤ ሹመት ተተኪ አለው። ኦርቶዶክሱ ማሰርና መፍታት በማቴዎስ 18፥18 ለሐዋርያት ሁሉ መሰጠቱን ያሳያል። ፕሮቴስታንቱ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ይነሣል፤ ከክርስቶስ ሌላ መሠረት የለም።

ከዚያ ዳኛው ማን ነው የሚለው ይመጣል። ለካቶሊኩ መጽሐፍና ትውፊት በጳጳሳት ማስተማር ሥልጣን ሥር ይነበባሉ፣ የ1965ቱ የቫቲካን ሰነድ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ ቁጥር የታወጀ ፍቺ አለ ማለት አይደለም፤ ፍቺያቸው በጉባኤ የተወሰነላቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ለኦርቶዶክሱ ዳኛው የአባቶች ስምምነት፣ ጉባኤያትና ቅዳሴው ራሱ ናቸው። ፕሮቴስታንቱ «መጽሐፍ ብቻ» ሲል ብቻዬን አነባለሁ ማለቱ አይደለም፤ ሉተርም ካልቪንም አባቶችን በብዛት ይጠቅሳሉ፣ የእምነት መግለጫም ጽፈዋል። መግለጫው ግን በመጽሐፉ ሊታረም ይችላል። ሜቶዲስቶች ትውፊትን፣ አእምሮንና ልምድን አብረው ይመዝናሉ፣ መጽሐፉ ግን ይቀድማል።

አባቶች ይፍረዱ ቢባል ደግሞ አባቶች በዚህ ቁጥር አንድ አልነበሩም። አፈወርቅ ዓለቱ የጴጥሮስ የምስክርነት እምነት ነው አለ። ቆጵርያኖስ በ251 ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ሲጽፍ ለጴጥሮስ የተሰጠው ለሌሎቹም ሐዋርያት እኩል ተሰጥቷል፣ በአንዱ የተጀመረው አንድነቱን ለማሳየት ነው አለ። የ1870ው የቫቲካን ጉባኤ የሮማውን ጳጳስ ሥልጣን በዚህ ቁጥር ላይ አጸና፤ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ግን በአንድ ቦታ ዓለቱን ጴጥሮስ፣ በሌላ ቦታ ጴጥሮስ የመሰከረውን እምነት ያደርገዋል። አውግስጢኖስ በስተርጅናው፣ በ427 ገደማ፣ የጻፋቸውን መጻሕፍት መለስ ብሎ ሲመረምር፣ በፊት ዓለቱ ጴጥሮስ ነው ብዬ ነበር፣ በኋላ ግን ደጋግሜ ጴጥሮስ የመሰከረለት ክርስቶስ ነው ብያለሁ አለ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚመስል አንባቢው ይምረጥ ብሎም ወደሚቀጥለው መጽሐፉ አለፈ።